የዘመነ ዮሐንስ ብዕር

መምህር ልሳነወርቅ ሌባ አልነበሩም። ከወገዳ ትምህርት ቤት የወጡት ግን ሌባ ተብለው ነው፤ የብዕር ሌባ። ይህን ስም ያወጣባቸው የአባቴ ወንድም ነው። የአገሩ ሹም ተቀበለው፤ ሕዝቡም ሰምቶ ዝም አለ። ስማቸውን የሚመልስላቸው ሰው ሳይገኝ እስቴ ውስጥ ዐረፉ። በደሉ ይህ ነው። ለምን እንደተፈጸመ አሁን አውቄያለሁ፤ ማወቄ በደሉን አያጠፋውም። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ብዙ መጻፍ አልችልም። ይህን ግን እጽፈዋለሁ፤ የምጽፈውም እሳቸው ባስመረጡኝ ብዕር ነው።

መሞታቸውን የነገረኝ ከእስቴ እህል ጭኖ የመጣ ነጋዴ ነው። ቤቴ ተቀምጦ ጠላውን እየጠጣ፣ "ያ በግራው የሚጽፈው ሽማግሌ፣ ያ የብዕሩ ሌባ፣ ተቀበረ እኮ" አለ።

ተነሥቼ በሩን ከፈትሁለት።

"ምነው እማማ?" አለኝ።

"ጠላህን ጨርስ አልልህም። አስቀምጠውና ውጣ።"

የልጅ ልጆቼ ደነገጡ። እንግዳ ከቤቴ አስወጥቼ አላውቅም ነበርና።

መምህር ልሳነወርቅ ወደ ወገዳ የመጡት በጃንሆይ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ ገና የሳር ክዳን ሳለ ነው። አጭር ሰው ነበሩ፤ ኮታቸው ግን የረጅም ሰው ነበር። እጅጌው ጣታቸውን ስለሚሸፍን ሊጽፉ ሲሉ መጀመሪያ ይሰበስቡታል። የሚሰበስቡትም የግራውን ነው። ቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም፤ ምን እንደወሰደው አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በአገራችን በግራ እጅ አይበላም፣ በግራ እጅ ዕቃ አይቀበሉም። በግራው ፊደል የሚጥል መምህር ሲመጣ ወላጆች አጉረመረሙ። አያ ደምሴ፣ የአባቴ ወንድም፣ በገበያ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ "በግራው የሚጽፍ ሰው ቀና ነገር አይጽፍም" ብሎ ሰውን አሳቀ። መምህሩ ሽንኩርት እየመረጡ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ "እውነትዎን ነው፤ ለዚህ ነው የጻፍሁትን ሁለት ጊዜ የማነበው" አሉት። የሳቀው ሰው እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን በአያ ደምሴ ላይ ነው። አያ ደምሴ እንዲህ ያለውን አይረሳም።

ሲቆጡ ድምፃቸው አይጨምርም፤ ይወርዳል። ከኋላ የምንቀመጠው ልጆች አንገታችንን አስግገን ካልሆነ አንሰማም፤ የምንፈራቸውም ያኔ ነው። አንዱ ሲሳሳት ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ሲፍቅ ካዩ አጠገቡ ሄደው ይቆማሉ። "አትፋቅ" ይላሉ ቀስ ብለው። "ሰርዘህ አጠገቡ ጻፍ። ስሕተትህ ይታይ። የሚያሳፍረው የተሰረዘው አይደለም፤ የተፋቀው ነው።"

ሣጥን ነበራቸው። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ውስጥ ብዕርና ሰዓት ለሚጠግን አንድ አርመን ሽማግሌ ሠርተዋል። ሰው ለጥገና ሰጥቶ ሳይመለስበት የቀረ ብዕር በሱቁ ተከማችቶ ነበር። ሽማግሌው ሱቁን ሲዘጋ "ባለቤት የለውም፤ አንተ ባለቤት ፈልግለት" ብሎ ሣጥኑን ለእሳቸው ሰጣቸው። ብዕሮቹ እንደ ዛሬው እስኪሪብቶ አይደሉም፤ ከብልቃጥ ቀለም የሚጠጡ ናቸው። አንዳንዷ በጎኗ ትንሽ ብረት አለች፤ ብረቷ ተነሥታ ስትመለስ ቀለሙን ወደ ሆዷ ትስባለች። ሌላዋ ከበስተኋላዋ ስትጠመዘዝ ነው የምትጠጣው። መምህሩ ስለ ብዕር ሲናገሩ እንደ ላም "እሷ" ይላሉ። ከጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ ያደርጓትና "ጠምቷታል" ይላሉ።

አርመኑ ጫፏንና ክዳኗን አይቶ ብዕሯ የተሠራችበትን ዓመት ይናገር ነበር። ይህን ለመምህሩ አስተምሯቸዋል። እሳቸውም ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው፣ በየብዕሯ አንገት ላይ ትንሽ ወረቀት በክር አሰሩ። በወረቀቱ ላይ የዓመቱ ወንጌላዊ ስም አለ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። አራተኛ ክፍል ጨርሶ የሚወጣ ልጅ ሁሉ በተወለደበት ዘመን የተሠራችውን ብዕር ከሣጥኑ መርጦ ይወስዳል።

"ለምን የተወለድሁበትን? ያማረውን ልውሰድ እንጂ" ያላቸው ልጅ ነበር።

"ያማረችው እንግዳህ ናት፤ ይህች እኩያህ ናት" አሉት። "እንግዳ ይታለላል። በእኩያህ ፊት ግን አትዋሽም፤ ገመናህን ታውቃለች።"

ምርጫውም እንዲሁ አይደለም። ልጁ በወላጆች ፊት ቆሞ ስሙን ይናገራል፤ ዘመኑን ይናገራል፤ ከዚያ ምስክር ይጠራል። ምስክሩ ተነሥቶ "እውነት ነው" ካላለ ብዕር አይነሣም። "ስለ ልደትህ አንተ ምን ታውቃለህ? ሰው ነግሮህ እኮ ነው" ይሉ ነበር።

ለሌላው ልጅ ይህ ጨዋታ ነበር። ለእኔ ግን አልነበረም።

አባቴ የሞተው በዘመነ ሉቃስ፣ በሚያዝያ ነው። ገደል አፋፍ ላይ በሬ ሲመልስ ወደቀ። እናቴ እንጉዳይ እርጉዝ ነበረች። እኔ በተከታዩ ጥቅምት ተወለድሁ፤ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። እናቴ ምትኬ ብላ አወጣችልኝ፤ የባሏ ምትክ መሆኔ ነው። አያ ደምሴ ግን ስሜን በሰማ ቁጥር "የማን ምትክ?" ይላል። በእሱ አፍ እኔ የተወለድሁት ከዚያም በኋላ ዓመት ዘግይቼ፣ በዘመነ ማቴዎስ ነው። ዮሐንስ ከሆነ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ርስቱን እካፈላለሁ። ማቴዎስ ከሆነ እናቴ ባሏን ቀብራ ከማይታወቅ ሰው ያመጣችኝ ዲቃላ ነኝ። እናቴ ወንድም የላትም፤ አያ ደምሴ ምንሽር አለው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን የአባቴን የገብስ ማሳ እሱ ያርሳል፤ እኛን ከጓሮው ጥግ ጎጆ ውስጥ ተወን። ዝም እስካልን ድረስ መኖር እንችላለን።

መምህሩ "ሂዱና ዘመናችሁን ጠይቃችሁ ኑ" ባሉን ቀን እናቴ ትፈትል ነበር።

"እማ፣ በማን ዘመን ነው የተወለድሁት?"

እንዝርቷ ቆመ። "ማን ጠይቂ አለሽ?"

"መምህር። ብዕር ልመርጥ ነው።"

"ብዕሩ ይቅርብሽ።"

"ሁሉም ሊወስድ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?"

"አንቺ ብዕር ታነሻለሽ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ያነሣል" አለችኝ፤ እንዝርቷንም መልሳ አሾረች።

በማግሥቱ ይህንኑ ለመምህሩ ነገርኋቸው። ሣጥናቸውን ከደኑ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "እንኳን ብዕር፣ እንጀራም ቢሆን ሳታነሺ መቅረት ትችያለሽ፤ ማንም አይፈርድብሽም። ማንሳት ካሻሽ ግን የራስሽን ነው። የሌላ ዘመን ብዕር ከእኔ ሣጥን አይወጣም።"

ወሬው አያ ደምሴ ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከደጃችን ላይ ተቀመጠ፤ ምንሽሩን በጉልበቱ አጋደመው። ከቤት ለመውጣት በእሱ ላይ መራመድ ያስፈልግ ነበር።

"እንጉዳይ፣ ልጅሽ ብዕር ልትመርጥ ነው አሉ።"

"ልጅ ናት አያ። ምን ታውቃለች?" አለች እናቴ።

"ትምረጥ እንጂ። ማን ከለከላት? የማቴዎሷ ብዕር አረንጓዴ ናት፣ የወርቅ ቀለበት አላት አሉ። ታምርባታለች።" ወደ እኔ ዞረ። "ስሚ አንቺ። የማቴዎሷን አንሺ፤ ቡላዋን ጊደር እሰጥሻለሁ። ብዕርም ከብትም ያላት ልጅ ትሆኛለሽ።"

"ጊደሯስ በማን ዘመን ተወለደች አያ?" አልሁት።

እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችው። አያ ደምሴ አልሳቀም።

"ይህ ምላስ የማን ነው?" አላት።

እናቴ መሬት መሬት እያየች ነበር። በቀስታ፣ እሱ ግን በሚሰማው ድምፅ፣ "የአባቷ" አለች።

ተነሣ፤ ምንሽሩን አነገተ። "እኔም እዚያ እገኛለሁ" ብሎ ሄደ።

ብዕር የምንመርጥበት ዕለት የሰኔ ሰማይ ጠቁሮ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ወይራ ሥር ጠረጴዛ ወጣ፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ብዕሮቹ ተደረደሩ። ወላጆች ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ አያ ደምሴ ከፊት፣ ምንሽሩን ተደግፎ። ከእኔ በፊት የወጣው ልጅ "ዘመኔ ሉቃስ ነው" ሲል አያቱ ከመካከል ተነሡ።

"ማርቆስ ነው!"

"ሉቃስ ነው እማማ! እርስዎ ያኔ ለጠበል ሄደው አልነበሩም እንዴ?" አለች እናቱ።

"ጠበል የሄድሁ እንደሆነ ዓመት ጠፋብኝ? አንቺ ምጡ ጋርዶሽ ነው!"

ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። መምህሩም ሳቁ፤ "ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ኑ፤ ብዕሯ አትሄድም" አሉ። ከዚያ የእኔን ስም ጠሩ፤ ሳቁ ቆመ። ሁሉም ያውቅ ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፤ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ጠረጴዛው ዘንድ ቆምሁ። የማቴዎሷ ብዕር እንደተባለው አረንጓዴ ናት፤ በወገቧ ወርቅ ታጥቃለች። አጠገቧ ያለችው የዮሐንሷ ቡናማ ናት፤ ክዳኗ ከሌላ ብዕር የተዋሰችው ስለሆነ መልኩ አይገጥምም። ሁለቱም ለእጄ እኩል ቅርብ ነበሩ። መምህሩን ቀና ብዬ አየሁ። ዞረው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ወይራው እያዩ ነበር። እጄን እንዳያዝዙት ነው መሰለኝ።

ቡናማዋን አነሣሁ።

"ምትኬ እባላለሁ። ዘመኔ ዮሐንስ ነው።"

"ምስክርሽ?" አሉ መምህሩ፣ ሳይዞሩ።

ማንም አልተነሣም። የሰው ልብስ እንኳ አልተንኮሻኮሸም። ከዚያ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። "እኔ ነኝ።"

"እናት ለልጇ አትመሰክርም!" አለ አያ ደምሴ። "የማን ምትክ እንደሆነች መጀመሪያ ትንገረን!"

እናቴ ቆማ ቀረች፤ አልተቀመጠችም። ያኔ የክርስትና እናቴ፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሡ። መነኩሲት ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብዙም አይወጡም።

"ከደምሴ ወንድም ሙት ዓመት የበላችሁ ሁሉ!" አሉ። "በሚያዝያው፣ ዓመቱ ሲዘከር፣ ይህችን ልጅ ተጠምቃ ታቅፌ በመካከላችሁ አልዞርሁም? በዘመነ ማቴዎስ የተወለደች ሕፃን በዘመነ ዮሐንስ ድግስ ላይ ታለቅሳለች ወይ? በሉ እንጂ! ወጡን የበላ ሁሉ ዓይን አልነበረውም?" መቋሚያቸውን ወደ አያ ደምሴ አነሡ። "አንተስ ደምሴ? ከእጄ ተቀብለህ 'ዓይኗ የወንድሜ ነው' ብለህ አላለቀስህም?"

አንድ ሽማግሌ "እውነት ነው" አሉ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ እንደ ዝናብ ከየቦታው "እውነት ነው፣ እውነት ነው" ተባለ። ለዓመታት የታፈነ ቃል ነበር።

አያ ደምሴ ተነሣ። ፊቱ ደም መሰለ። ምንሽሩን ጥይት አጎረሰ፤ ድምፁን ሁላችንም ሰማን። አፈሙዙ ወደ እናቴ ይሁን ወደ እማሆይ አላወቅሁም፤ ሴቶቹ መሬት ላይ ተደፉ። መምህሩ ግን ያን ትልቅ ኮት እየጎተቱ በቀጥታ ወደ እሱ ሄዱ፤ በግራ እጃቸው አፈሙዙን ወደ ታች ያዙና ከጆሮው ሥር አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉት ማንም አልሰማም። አያ ደምሴ እያያቸው ቆየ። ከዚያ ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተና ሄደ።

በዚያው ሳምንት መምህሩ ወደ አያ ደምሴ ቤት ሲወርዱ ሰው አያቸው። ምን ሊያደርጉ እንደሄዱ ሲጠየቁ "ዝናብ ልጠለል ነው" አሉ። በሐምሌ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አያ ደምሴ ያለ ክርክር "የወንድሜ ልጅ ናት" አለ፤ የገብሱን ማሳ ከነድንበሩ ለቀቀልን። እናቴ አላመነችም፤ ማሳው ዳር ቆማ አፈሩን በእጇ ዘግና ቆየች።

ከመስቀል በኋላ ከሹሙ ዘንድ ተጠራሁ። ብዕሬን ይዤ እንድመጣ ተባለ። ስደርስ መምህሩ ከግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ ሣጥናቸው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። አያ ደምሴ ምስክርነት እየሰጠ ነበር። መምህሩ ብዕሮቹን አዲስ አበባ ከመንግሥት ቤት እንደሰረቁ፣ ለእሱም በአፋቸው እንደነገሩት፣ በተሰረቀ ዕቃ ልጆችን እያባበሉ ቤተሰብ እንደሚያፋጁ ተናገረ። ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ ብዕሩን ዘረጋለት።

አያ ደምሴ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ስሙን መጻፍ ይችላል፤ ያኮራውም ነበር፤ በየሽምግልናው ሌላው ጣቱን ሲያጠቅስ እሱ ብዕር ይጠይቃል። ያን ቀን ግን የጸሐፊውን እጅ ገፋው።

"በጣቴ ነው" አለ።

"አንተ ደምሴ? ዲያቆኑ?" አለ ጸሐፊው እየሳቀ።

"ጣቴ ይበቃል አልሁህ!" አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አተመ።

"ውሸት ነው!" ብዬ ጮኽሁ። "አርመኑ ነው የሰጣቸው! ይህ ሰው ውሸታም ነው!"

"ዝም በይ" አሉኝ መምህሩ። ድምፃቸው ያለ ልኩ ወርዶ ነበር። እሳቸው ለራሳቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ሹሙ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። "ያቺንም አምጪ።" ብዕሬን ከጀርባዬ ደበቅሁ። ያኔ አያ ደምሴ፣ ገና አውራ ጣቱ ጥቁር ሳለ፣ "የእሷን ተዉት። የወንድሜ ልጅ ናት" አለ።

በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እኔን አከበረ፤ እሳቸውን አዋረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ብዬው አላውቅም፤ በሰው ፊት "አንተ" እለው ነበር። ሰው "ነውር ነው፣ አጎትሽ ነው" ይለኛል። ነውሩንስ ማን ጀመረው?

ሣጥኑ እዚያው ቀረ። መምህሩ ሥራቸውን ተነጥቀው በእስቴ መንገድ በእግራቸው ወጡ። ኋላ ሰዓትና መብራት እየጠገኑ፣ ማመልከቻ እየጻፉ ኖሩ አሉ።

አንድ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። አግብቼ ልጅ አዝዬ አርብ ገበያ ስሄድ፣ ከአንድ ግድግዳ ሥር ፋኖስ ፈትተው ተቀምጠዋል። ኮቱ ያው ነው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ በግራ እጃቸው አነሡኝ።

"ለምን ዝም አሉ? ለምን አልተሟገቱም?" አልኋቸው። "እናቴ ትመሰክር ነበር፤ እማሆይ ይመሰክሩ ነበር። ሌባ ተብሎ ዝም ይባላል?"

"ብዕርሽ ትጽፋለች?" አሉኝ።

ከመቀነቴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቋት። "ጠምቷታል" አሉ። በጎኗ ያለውን ብረት አንሥተው ከራሳቸው ብልቃጥ ቀለም አጠጧት፤ ጫፏን በኮታቸው ገበር ጠርገው መለሱልኝ። "ማሳሽ ዘንድሮ ምን ተዘራበት?"

"ገብስ።"

"ገብስ ጥሩ ነው" አሉ፤ ወደ ፋኖሳቸውም አጎነበሱ። ሌላ ነገር ላናግራቸው አልቻልሁም።

ነጋዴውን ከቤቴ ያስወጣሁ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ በቀጥታ ወደ አያ ደምሴ ወረድሁ። ከልጁ ቤት ነው የሚኖረው። ዓይኑ ጠፍቷል፤ ፀሐይ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀምጠውታል።

"ማን ነው?"

"ምትኬ ነኝ።"

"የወንድሜ ልጅ" አለ። "ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም። መምህር ልሳነወርቅ ሞቱ።"

ጭራውን ከእጁ ጣለው። ለረጅም ጊዜ ዝንቦቹን አላባረረም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ መጥቻለሁ" አልሁት። "ሳትመልስልኝ አልሄድም። ያን ቀን ለምን በጣትህ ፈረምህ?"

"ለምን ዋሸህ አትይኝም?"

"እሱንማ አውቀዋለሁ። ለመሬትህ ነው።"

"መሬቱን በሐምሌ ሰጥቼሽ አልነበር?" አለኝ። "ክሱ መቼ ነው?"

እውነቱን ነው፤ ክሱ ከመስቀል በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያን ማሳ ሳርስና ሳጭድ ሁለቱን አስተያይቻቸው አላውቅም። ከአጎዛው ዳር ተቀመጥሁ።

"ምንሽሩን ያጎረስሁ ዕለት ልጨርሳችሁ ነበር" አለ። "እናትሽን፣ መነኩሲቷን፣ ማንንም። በሕዝብ ፊት ተዋርጄ እንዴት አድራለሁ? እሳቸው መጡና ከጆሮዬ ሥር 'በእርስዎ ፈንታ የሚዋረድ ሰው እሰጥዎታለሁ፤ ብቻ ዛሬን ይሂዱ' አሉኝ።"

"እሳቸው" አለ። መምህሩን አንቱ ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

"ኋላ ቤቴ መጡ። እንጀራ አቀረብሁላቸው፤ አልበሉም። 'ለልጅቷ የአባቷን ይስጧት' አሉኝ። 'ሰው ደምሴ ተሸነፈ እንዳይል እኔን ይክሰሱኝ፤ ሌባ ይበሉኝ። ሌባ ያባረረ ሰው ተሸነፈ አይባልም። እኔ ሚስት የለኝም፣ ርስት የለኝም፤ ስድቡ የሚደርስበት ልጅ የለኝም።' እምቢ አልሁ። እግዜር ያውቃል፣ አንድ ጊዜ እምቢ ብያለሁ። 'እንግዲያው ጥይቱን ለማን አስቀመጡት?' አሉኝ። እሺ አልሁ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ እሳቸው በሕይወት እስካሉ።"

"ጣትህስ?" አልሁ። ድምፄ እንደ እሳቸው ወርዶ ነበር። "ጣትህን ንገረኝ።"

ያን አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ ያሸው ጀመር፤ ቀለሙ ዛሬም ያለበት ይመስል።

"ሊወጡ ሲሉ ከበሩ ተመለሱ" አለኝ። "'ሰው ይዋሻል፤ እርስዎም ለእኔ ብለው ሊዋሹ ነው። ብዕር ግን አያስዋሹብኝ። በጣትዎ ይፈርሙ' አሉኝ።"